የልብስ ሰፊ ሰዋስው

ሰሀር ፈተና መውደቋን ለእናቷ የነገረቻት፣ እናቷ አፏን ሙሉ ስፒል ነክሳ የደንበኛ ቀሚስ ስታስተካክል ነው። ሰዓቱን አስባበት ነው የመረጠችው። ስፒል የነከሰ ሰው እንዴት ብሎ ይጮሃል?

«እማ፣ ግራመር ወደቅኩ» አለች፣ በሩን ሳትለቅ።

ሀኒፋ ስፒሎቹን ከአፏ እየመዘዘች እጅጌዋ ላይ ሰካቻቸው። ቀሚሱን ለብሳ መሐል ሱቅ የቆመችው ደንበኛዋ አስቴር እጆቿን ወደ ጎን እንደ ዘረጋች ቀረች።

«ምን ወደቅኩ ነው ያልሽው?»

«ግራመር። የእንግሊዝኛ ሰዋስው።»

«እንግሊዝኛ የምትማረው ልጅ እንግሊዝኛ ወደቀች?» ሀኒፋ ወደ አስቴር ዞረች። «ሰማሽ አይደል? እሷ እንግሊዝኛ ከወደቀች እኔ ምን ልውደቅ?»

ሀኒፋ ለቡ ኮንዶሚኒየም ሥር ባለች ጠባብ ሱቅ ልብስ የምትሰፋ ሴት ናት። ራሷ ትምህርት የሚባለውን ነገር ስልጤ አገር፣ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የተሰናበተችው። ሰሀር ግን ከልጅነቷ ጀምሮ የሕንፃውን ሕፃናት ደረጃ ላይ በተርታ አስቀምጣ «ዲስ ኢዝ ኤ ዶር» የምታስብል ልጅ ነበረች። መምህርት መሆን እንጂ ሌላ ነገር ሕልሟ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ይኸው አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታ የእንግሊዝኛ ክፍል ሁለተኛ ዓመት ደርሳለች። ሀኒፋም ለማንም ደንበኛ፣ ጨርቅ ከመለካቷ በፊት ይህንን ነው የምታወራው።

«ድጋሚ ፈተና አለኝ» አለች ሰሀር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የሚመጣው ሳምንት፣ ሐምሌ አጋማሽ ካለፈ በኋላ። በቃል ነው። እሱንም ከወደቅኩ ከዲፓርትመንቱ ያስወጡኛል።»

«ያስወጡኛል ማለት?»

«ማለት አስተማሪ አልሆንም ማለት ነው፣ እማ።»

ሀኒፋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እሺ። ምኑ ነው የጣለሽ? አንድ በአንድ ንገሪኝ።»

ሰሀር አስቴርን ሰረቅ አድርጋ አየች፤ ጣሪያውን አየች፤ የስፌት መኪናውን ፔዳል አየች።

«አንድ ጥያቄ ነው። ትልቁን ማርክ የያዘው። "ልብስ ሰፊዋ ቀሚሱን ጨርሳዋለች" ይላል፣ በእንግሊዝኛ። "ይህ ዓረፍተ ነገር ስለ አሁኑ ሁኔታ ምን ይነግረናል? ከምታውቁት ኑሮ ጋር አያይዛችሁ አስረዱ" ነው የሚለው።»

«ጥሩ ጥያቄ ነው። ለአንቺ ተብሎ የወጣ ነው እንጂ! ምን ብለሽ መለስሽ?»

«"ልብስ ሰፊዋ ቀሚሱን ገና አልጀመረችውም፤ ባለ ቀሚሷ ሐሙስ ተመልሳ ትምጣ" ብዬ።»

አስቴር ሳቋ ሲያናውጣት የተሰካው ስፒል ጎኗን ወጋት፤ «ውይ!» አለችና ሳቋን ቀጠለች። ሀኒፋ ግን አልሳቀችም።

«እና መምህሩ ምን አሉ?»

«መምህር ሕዝቅኤል? "ይህ ሰዋስው ነው ወይስ ሐሜት?" ብለው በቀይ ጻፉበት። እኔ ምን ላድርግ እማ! ከምታውቁት ኑሮ ጋር አያይዙ ተባለ፤ አያያዝኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ተጠራጠርኩና ተደበላለቀብኝ።»

ሀኒፋ እጅጌዋ ላይ የሰካቻቸውን ስፒሎች አንድ በአንድ መንቀል ጀመረች። አስቴር በራሷ ጊዜ ቀሚሱን አውልቃ የራሷን ልብስ መልበስ ጀመረች።

«እንግዲያው የጣልኩሽ እኔ ነኛ» አለች ሀኒፋ በመጨረሻ።

«አይ፣ እንደሱ አላልኩም።»

«እኔ ነኝ። አልቋል አልቋል እያልኩ እዚህ ሱቅ ውስጥ አሳደግኩሽ። እንግዲህ የጣልኩሽ እኔ ከሆንኩ የማነሳሽም እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ እኔን ታስተምሪኛለሽ።»

«አንቺን? ግራመር?»

«እኔ ከገባኝ ማን የማይገባው አለ? አበቃ።»

ሀኒፋ አበቃ ካለች አበቃ ነው። ያንን ሕንፃው ሁሉ ያውቃል።

በማግሥቱ፣ የቀትሩ ሶላት ዙሁር ተሰግዶ ደንበኛ ጋብ በሚልበት ሰዓት ትምህርት ተጀመረ። ሀኒፋ የዩኒፎርም ሱሪ እየሰፋች፣ ሰሀር የተቆራረጠ ጨርቅ ክምር ላይ ተቀምጣ።

«ይኼ ያስቸገረን ጊዜ ፕረዘንት ፐርፌክት ይባላል» አለች ሰሀር። «ነገሩ አልቋል፤ ግን ውጤቱ አሁን እጃችን ላይ አለ። "ቁልፌ ጠፍቷል" ስል፣ አሁንም ቁልፍ የለኝም ማለት ነው።»

«ካገኘሽውስ?»

«ካገኘሁትማ እንደዚያ አልልም።»

«እሺ ይሁን። "ቆርጬዋለሁ" ስል ታዲያ፣ የተቆረጠው ጨርቅ ይኸው ጠረጴዛዬ ላይ መኖር አለበት?»

«አለበት።»

ሀኒፋ ጠረጴዛዋን አየች። ያልተቆረጠ ጨርቅ ተቆልሎበታል። ፊቷን መለሰች። «ቀጥይ።»

«ደግሞ አንዱ አለ፤ ከጠዋት ጀምሮ ስጠብቅ ቆይቻለሁ፣ አሁንም እየጠበቅኩ ነው የሚል።»

«እሱ የአስቴር ነው። እለፊው፣ ገብቶኛል።»

«ሌላው ፊውቸር ፐርፌክት ነው። "ነገ በዚህ ሰዓት ቀሚሱን ሰፍቼ ጨርሼ እገኛለሁ" ማለት ነው። ነገ ላይ ቆመሽ ወደ ኋላ ታዪዋለሽ፤ ሥራው አልቆ።»

የስፌት መኪናዋ ቀጥ አለች። ሀኒፋ እግሯን ከፔዳሉ አነሳች።

«ድገሚው እስቲ።»

ሰሀር ደገመችው።

«ነገን ሳይመጣ ትናንት አደረጉት እኮ!» ሀኒፋ በደስታ ጭኗን መታች። «ይኼማ የእኛ ነው! ይኼንን የፈጠረው ልብስ ሰፊ ነው፣ ወላሂ! ሌላ ሰው አይችለውም።» ትንሽ አሰብ አደረገችና «ኢንሻአላህስ የት ጋ ነው የሚገባው?» አለች።

«የለበትም፣ እማ።»

«ኢንሻአላህ የሌለው ነገ?» ሀኒፋ እጇን አገጯ ላይ አደረገች። «አቤት ድፍረት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሀኒፋ አንድ ነገር ወሰነች። ልጅቷ እየሰማች ከእውነት ሌላ ነገር ከአፏ አይወጣም። ያለቀውን አልቋል፣ ያላለቀውን አላለቀም። ሰሀር ጆሮዋ እውነተኛውን ይልመድ።

ወሬው የተጀመረው ከአስቴር ነው። መጣችና እንደ ወትሮዋ በሩ ላይ ሆና «ያ ሌላ ያዘዝኩሽ ቀሚስስ፣ አልቋል?» አለች።

«አልጀመርኩትም።»

አስቴር ገብታ ተቀመጠች። የሀኒፋን ግንባር በእጇ ጀርባ ነካ አደረገች።

«ሀኒፋዬ፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። እውነቱን ነው የነገርኩሽ።»

«እኔ መች እውነት ጠየቅኩሽ? አልቋል ወይ ነው ያልኩት!» አስቴር እንባ ቀረሽ ሆነች። «"አልቋል፣ ቁልፍ መትከል ብቻ ነው የቀረው" ትይኛለሽ። ቁልፍ ብቻ ስትይ ገና መቀስ አልነካውም ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ሐሙስ እመጣለሁ፣ "የጠርዙ ዘምዘም ብቻ" ትይኛለሽ፤ በቃ ቅዳሜ ይደርሳል ብዬ ጫማዬን አዘጋጃለሁ። ስንት ዓመት በዚህ ተግባብተን የለ? አሁን አልጀመርኩትም ስትይኝ እኔ ምን ብዬ ልቁጠር? መቼ ልምጣ?»

«ሰኞ ነይ።»

«የትኛው ሰኞ?»

«ሰኞው ሰኞ!»

አስቴር ራሷን እየነቀነቀች ወጣች። ከሰዓት በኋላ ሕንፃው በሙሉ ሀኒፋ ሱቋን ልትዘጋ ነው አለ። ሌላው ደግሞ ክፉ በሽታ ይዟት ሰው ሁሉ እንዲጸልይላት እየተናዘዘች ነው አለ። ጎረቤቶች ብርቱካን ይዘው ሊጠይቋት መጡ። ሀኒፋ አልታመምኩም ባለች ቁጥር «አይዞሽ፣ ያልፋል» እያሉ እጇን ያዟት። አንዷ ደንበኛማ እውነቱን ሰምታ ጨርቋን ይዛ ጎፋ ወዳለ ሰፊ ሄደች፤ እዚያ «ነገ ያልቃል» ተባለችና ደስ ብሏት ተመለሰች፣ ለሀኒፋ ልትነግራት።

«ተይው በቃ፣ እማ» አለች ሰሀር። «ሥራሽ ሊቆም ነው።»

«ፈተናሽ እስኪያልፍ ነው አልኩ፤ እስኪያልፍ ነው። ብርቱካን ላጪና አስጠኚኝ።»

የፈተናው ቀን ጠዋት ሁለቱም ማልደው ታክሲ ያዙ። መምህር ሕዝቅኤል ለሰሀር ቀጠሮ የሰጧት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። የክፍሉ ውጤት ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ እሳቸውም ከሰዓት በኋላ ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ ቤተሰባቸው ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ የለም። ሀኒፋ መሄድ አልነበረባትም፤ ግን «ቤት ተቀምጬ ምን ልስፋ?» ብላ ተከተለች።

ከለቡ እስከ መካኒሳ ደህና መጡ። ብስራተ ገብርኤል ሲደርሱ መንገዱ ቀጥ አለ። ዝናቡ እያካፋ ነው፤ ነጠላ የለበሰ ሰው ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል፤ መኪና በመኪና ላይ ተደርድሯል።

«ምንድነው ይኼ ሁሉ ሰው?» አለች ሀኒፋ አንገቷን በመስኮት አውጥታ።

ወያላው ዞሮ አያት። «እናት፣ ቀኑ አስራ ዘጠኝ እኮ ነው! ሐምሌ ገብርኤል! የት አገር ነው ያላችሁት?»

አጠገቧ የተቀመጡ፣ ነጠላቸውን ያጣፉ እናት ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሲወራ አልሰማሽም?»

«እማማ፣ እኔ የማውቀው የእኛን በዓል ነው። ቀኑን የቀጠሩት መምህርም ጴንጤ ናቸው፤ እሳቸውም አያውቁትም።»

«ሁለታችሁ ተጋግዛችሁ አንድ ገብርኤል አቃታችሁ!» አሉ እማማ። ታክሲው ሳቀ። «አይዞሽ፣ እኔ እንደምንም ልድረስ እንጂ ስለ ልጅሽ ለገብርኤል ሳልነግርላት አልወጣም።»

«ይንገሩልኝ፣ እማማ። ግራመር ነው ይበሉት።»

ሰሀር ግን አልሳቀችም። ሦስት ሰዓት አለፈ። ታክሲው አልተነቃነቀም። በእግር እንዳትሄድ መንገዱ ገና ብዙ ነው፤ ወርዳ ሌላ እንዳትይዝ ሁሉም ቆሟል። በዚህ መሐል ስልኳ ጮኸ።

«ቲቸር ናቸው!» ፊቷ አመድ መሰለ።

ታክሲው በሙሉ አንድ ሆነ።

«ደርሻለሁ በያቸው!» አለ ወያላው።

«ግቢ በር ላይ ነኝ በይ፣ ፍተሻ ይዞኝ ነው በይ» አለ ከኋላ አንድ ባለ ኮፍያ።

«ደረጃ እየወጣሁ ነው በይ። እያለከለክሽ አውሪ።»

ሀኒፋም አፏ ላይ መጥቶላት ነበር። ደርሰናል በይ፣ ደርሰናል። የሻሿን ጫፍ ይዛ አፏን አፈነች።

የሰሀር ስልክ ጆሮው ከተበላሸ ቆይቷል፤ የሚሰማው ድምፁን ለቀው ነው። እናም የመምህር ሕዝቅኤልን ድምፅ ታክሲው በሙሉ ሰማው።

«ሰሀር፣ የት ነሽ?»

«አልደረስኩም፣ ቲቸር። ብስራተ ገብርኤል ጋ ታክሲ ውስጥ ቆመናል።»

ጎል የተሳተ ይመስል ታክሲው «ኧረ!» አለ። ወያላው ራሱን ያዘ።

 መምህሩ እንዲህ ያለ መልስ ከተማሪ ሰምተው የሚያውቁ አይመስሉም።

«አልደረስኩም? ... መልካም። እኔ ደርሻለሁ። ቢሮ ቁጭ ብዬ እየጠበቅኩሽ ነው። ብዙ አልቆይም ታዲያ...»

ያን ጊዜ በመኪኖቹ መሐል አንድ ድምፁ የሻከረ ሻጭ እያለፈ «ጧፍ አለ! ዣንጥላ አለ! ጧፍ!» ብሎ ጮኸ። ከስልኩም ውስጥ ያው የሻከረ ድምፅ «ጧፍ አለ! ዣንጥላ አለ! ጧፍ!» አለ።

ሀኒፋ ስልኩን አየች። ሻጩን አየች።

«ሰሀር» አለች በሹክሹክታ፣ «ቢሯቸው ውስጥ ጧፍ ይሸጣል እንዴ?»

ሰሀር ቀስ ብላ ወደ ጎን ዞረች። ከእነሱ ጎን፣ እጅ ቢዘረጋ በሚደርስበት ርቀት ሌላ ታክሲ ቆሟል። መስኮቱ አጠገብ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ስልክ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው የተቀመጡት መምህር ሕዝቅኤል ናቸው። ሰሀር በአንድ ጊዜ ከወንበሩ ተንሸራታ ወለሉ ላይ ቁጢጥ አለች።

«ናቸው! እማ፣ እሳቸው ናቸው! እንዳያዩኝ!»

«ምን ሰርቀሽ ነው የምትደበቂው?»

«ካዩኝ ያፍራሉ። ካፈሩ ይጥሉኛል። ዝም በይ፣ በአላህ!»

ነገሩ እውነት ነው። ሀኒፋ አሰበችበት። ዝም ቢሉ ማንም አይጎዳም፤ እሳቸውም ይደርሳሉ፣ እነሱም ይደርሳሉ፣ ማንም ማንንም አላየም። ብልህ እናት ዝም ትላለች። ግን ሳምንቱን ሙሉ ከደንበኛ የተጣላችው፣ እንደ በሽተኛ ያን ሁሉ ብርቱካን የበላችው እዚህ መጥታ አፏን ልትይዝ ነው እንዴ? ልጅቷ በገዛ አፏ አልደረስኩም ብላ፣ ወለል ላይ የምትደበቀው እሷ ትሁን?

መስኮቱን ከፈተችው።

«መምህር! መምህር ሕዝቅኤል! እንኳን ደረሱ!»

 መምህሩ ወደ ድምፁ ዞሩ። ሀኒፋን አዩ፤ ስልካቸውን አዩ፤ እንደገና ሀኒፋን አዩ። ጆሯቸው ቀስ በቀስ ሲቀላ ከዚህ ማዶ ይታይ ነበር።  ጨርሻታለሁ፣ ልጄን በገዛ አፌ ጨርሻታለሁ አለች ሀኒፋ በሆዷ።

ስልኩ ተናገረ። «ሰሀር፣ እናትሽ ናቸው?»

«አዎ፣ ቲቸር» አለ ከወለሉ የመጣ ድምፅ።

«ከዚያ ተነሺ።»

ስልኩ ተዘጋ። መምህር ሕዝቅኤል ቦርሳቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው በዝናቡ ወረዱ፤ በመኪኖቹ መሐል ሾልከው በሩን አንኳኩ። ወያላው ለሙሽራ እንደሚከፍት ሰው አጎንብሶ ከፈተላቸው።

«ይግቡ፣ ቲቸር! ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ፈታኝ መጣ!»

ከሰሀር ፊት ለፊት ባለችው ተጣጣፊ ወንበር ላይ ተቀመጡና መነጽራቸውን በከረባታቸው ጠረጉ። ማንንም አላዩም። ከዚያ ድንገት ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሀኒፋ ያለቀሱ መስሏት ደነገጠች፤ እየሳቁ ነበር።

«ፈተናው እዚሁ ነው» አሉ እንደምንም። «መንገዱ እስኪከፈት። የመጀመሪያው ጥያቄ፤ አሁን በስልክ "ደርሻለሁ" ብዬሻለሁ። ይህንን ዓረፍተ ነገር እንደ ሰዋስው ተማሪ ገምግሚልኝ።»

ሰሀር እናቷን አየች። ሀኒፋ ምንም አልረዳቻትም፤ እጇን ብቻ ያዘቻት። ልጅቷ በእንግሊዝኛ ጀመረች። መጀመሪያ ተንተባተበች፤ ትንሽ ቆይታ አፏ ተፈታ። ከዚያ ሁሉ ንግግር ለሀኒፋ የደረሳት «ፐርፌክት» የምትለዋ ብቻ ናት፤ እሷ ባለፈች ቁጥር እንደ ዘመድ ራሷን እየነቀነቀች ሰላም አለቻት።

«ለእኛም በአማርኛ ይነገረን እንጂ!» አለ ባለ ኮፍያው። «ታክሲው የጋራ ነው።»

«ንገሪያቸው» አሉ መምህሩ። «ለእነሱ ማስረዳት ካቃተሽ ለአንቺም አልገባሽም ማለት ነው።»

ሰሀር ጉሮሮዋን ጠረገች።

«በእንግሊዝኛ "ደርሻለሁ" ካልኩ፣ እግሬ ረግጧል፣ አሁን እዚያ ነኝ፣ ብትመጡ ታገኙኛላችሁ ማለት ነው። እኛ ስንለው ግን የሚጠብቀን ሰው ልቡ እንዳይቆርጥ ብለን ነው። ሐሳቤ አንተ ጋ ነው፣ እንዳትሄድብኝ ነው የምንለው። የሚሰማውም ያውቃል፤ "ገና መንገድ ላይ ናት" ይልና ሌላ ሻይ ያዛል። ስለዚህ ቲቸር ያሉት በአማርኛ ችግር የለበትም፤ ማንም አልተታለለም። ወደ እንግሊዝኛ ልተርጉመው ካልኩ ግን ያንኑ ጊዜ ይዤ መሻገር አልችልም፤ "እየመጣሁ ነው" ማለት አለብኝ።»

«ልክ ነች!» አሉ እማማ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «እኔም ለልጄ ቤተ ክርስቲያን ደርሻለሁ ብዬው ነው የመጣሁት።»

«ዝምታ፣ ፈተና ላይ ነን» አሉ መምህሩ። ወደ ሰሀር ጎንበስ አሉ። «እንግዲያው የባለፈው ፈተና ላይ ስህተትሽ ምን ነበር?»

«የአማርኛውን መልስ በእንግሊዝኛ ጻፍኩት።»

መምህሩ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አደረጉ። ሌላ ጠየቁ፤ ሰሀር መለሰች። ሌላ ጠየቁ። ሀኒፋ የሚባለው አይገባትም፤ ግን ደንበኛ መስታወት ፊት ቆሞ ዝም ሲል ወዶታል ወይስ ጠልቶታል የሚለውን አሳምራ ታውቃለች። የመምህሩን ፊት በዚያ ዓይን ነበር የምታየው። ወደውታል፤ ወደውታል፤ እዚህ ጋ ግን ትንሽ ጠበባቸው። ሰሀር አንድ «ኢፍ» ያለበት ዓረፍተ ነገር ላይ ቆመች፤ ጀመረችው፣ አፈረሰችው፣ እንደገና ጀመረችውና መምህሩ ራሳቸው ጨረሱላት።

መንገዱ ሲከፈት እማማ ወርደው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዱ። ታክሲው ሳር ቤትን አልፎ ሜክሲኮ ደረሰ፤ ከዚያ ሌላ ታክሲ ይዘው ሦስቱም አንድ ላይ ግቢው በር ላይ ወረዱ።

«በሉ እናቴ፣ እርስዎ በሰላም ይግቡ» አሉ መምህሩ። «ውጤቷን አሁን አስገባዋለሁ።»

«ሲያስገቡት አይቼ እሄዳለሁ።»

«አያምኑኝም?»

«መምህር! ዛሬ ጠዋት ምን እንዳሉን ረሱት?»

መምህሩ ቢሯቸውን ከፈቱላት። ኮምፒዩተሩ ተከፈተ፤ ሲስተሙ ግን የለም። ኔትወርክ የለም። ነጭ ክብ እየተሽከረከረ ቆሞ ቀረ። ሰሀር ግድግዳውን ተደግፋ ጥፍሯን በላች። ስድስት ሰዓት እየቀረበ ነው።

«እንደ ገባ ይቁጠሩት» አሉ መምህሩ። «ሲመለስ እኔ...»

«አልቆጥርም።»

እሳቸውም የአውቶቡሳቸውን ሰዓት እያዩ ተቀመጡ፣ እሷም ቦርሳዋን አቅፋ ተቀመጠች። ማንም ሰው የሀኒፋን ያህል ኮምፒዩተር ላይ አፍጥጦ አያውቅም። በመጨረሻ፣ አፍራ ይሁን ደክሟት፣ ክቧ ጠፋችና ገጹ ወለል ብሎ ተከፈተ። መምህሩ አንድ ፊደል መቱ፤ አስገቡት፤ ስክሪኑን ወደ ሀኒፋ አዞሩላት።

ሰሀር ከኋላዋ አጮልቃ አየችና ሁለት እጆቿን አፏ ላይ ከደነች። ከዚያ እናቷን ከነወንበሯ አቀፈቻት።

«ቆይ፣ ቆይ፣ አታንቂኝ፣ ልይ» አለች ሀኒፋ። «ይኼ ቢ ነው። አራተኛ ክፍል ድረስ አውቀዋለሁ፤ ከኤ ቀጥሎ ያለው።»

«ልክ ነዎት። ልጅዎ በደንብ አልፋለች። ከዲፓርትመንቱ የሚያስወጣት የለም።»

«አልሐምዱሊላህ።» ሀኒፋ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች፤ ምርቃቱን ለመምህሩ፣ ለእናታቸው፣ ለአርባ ምንጭ ሁሉ አወረደችው። ከዚያ ተመልሳ ስክሪኑን አየች። «ከዚህ በፊት አንድ ፊደል ብቻ ነው ያለው?»

«አንድ ብቻ።»

«ታዲያ እሱን ምን አስከለከላት?»

«እማ!» ሰሀር እጅጌዋን ጎተተቻት።

«አትጎትቺኝ፣ እየጠየቅኩ ነው።»

መምህሩ ሰዓታቸውን አዩ። «የኢፏን ጥያቄ አልመለሰችም። እርስዎም ነበሩ።»

«ነበርኩ። ሲጠብዎት አይቻለሁ። ምኑ ነው የጠበበው? እስቲ ያስረዱኝ።»

«እናቴ፣ አውቶቡሴ...»

«አጭር ነገር ከሆነ ምን ይፈጃል?»

መምህር ሕዝቅኤል ተነፈሱ፤ ማርከራቸውን አነሱ፤ ነጩ ሰሌዳ ላይ አንድ መስመር ጻፉ። «ይህ ማለት "ቀደም ብዬ ብነሳ ኖሮ እደርስ ነበር" ማለት ነው። አልተነሳሁም፤ አልደረስኩምም።»

«አልተነሱም፣ አልደረሱም» አለች ሀኒፋ። «ካልደረሱ ታዲያ ይኼን ሁሉ ምን ያስወራል?»

«ለመጸጸት ነው።»

«ፈረንጆቹ ለጸጸት የተለየ ሰዋስው አላቸው?»

«አላቸው።»

ሀኒፋ ወንበሯን ወደ ሰሌዳው አስጠጋች። ሰሀር ሳቋን መቆጣጠር ሲያቅታት ወደ ኮሪደሩ ወጣች። እዚያ ሆና የእናቷን ድምፅ ሰማች።

«ቆይ፣ መምህር፣ እሱን አያጥፉት። እኔ ስጸጸት እንደዚህ አልልም። እስቲ የእኔን ይጻፉና የቱ እንደሚሻል እንይ።»